«ስም ያለው ብቻ ይምጣ» ላላችሁ ወላጆች

ዛሬ ስለ መታወቂያ እድሳት አልጽፍም፤ ስለ ሪሴትልመንትም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ብስኩት ነው። «ይሄ መምህር ወሬ አለቀበት መሰለኝ» የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የቅዳሜ አማርኛ ትምህርታችን የወላጆች ኮሚቴ በዋትሳፕ ግሩፑ አንድ መልእክት ለቀቀ። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ ከእንግዲህ ልጆች ለእረፍት ሰዓት የሚይዙት መክሰስ «ስም ያለው፣ የታወቀ ድርጅት ያመረተው» ብቻ ይሁን፤ ከርካሽ ሱቅ የተገዛ፣ በላስቲክ የተቋጠረ፣ ከመንገድ ዳር የመጣ ግቢ እንዳይገባ። ምክንያት የተባለው አንድ ልጅ ሆዱን አሞት ነበር የሚል ነው። (ልጁ ምን በልቶ እንዳመመው እስከ ዛሬ የጠየቀም የመለሰም የለም።) ከመልእክቱ ሥር የአውራ ጣት ምልክት ተደረደረ፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ሃያ ሦስት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ወንበር ባዶ ሆነ። ባለፈው ቅዳሜም እነዚያው ሦስት ወንበሮች ባዶ ነበሩ።

የሁለቱ ልጆች እናት ጋ ደወልኩ። «ጉንፋን ይዟቸው ነው መምህር፣ ይመጣሉ» አሉኝ። ጉንፋን ቅዳሜ ቅዳሜን እየጠበቀ አይመጣም፤ ልጆቹን ሰኞ ዕለት ውጭ ሲራገጡ አይቻቸዋለሁ። ማን እንደሆኑ አትጠይቁኝ። ሥራ ሲገኝ ሰው ቤት ልብስ የሚያጥቡ፣ ሳይገኝ ቤታቸው የሚውሉ እናት ናቸው። «ስም ያለው» የሚለውን አነበቡ፣ ኪሳቸውን አዩ፣ ልጆቼ በጓደኞቻቸው ፊት ከሚያፍሩ ፊደሉ ይቅር አሉ። እኔ የተረዳሁት እንደዚህ ነው። ሌላ የተረዳ ካለ ይንገረኝ።

መጀመሪያ ግን ለኮሚቴው ፍትሐዊ ልሁን። ስደተኛ ስም ያለው ዕቃ የሚገዛው ጉራ ወዶ ነው የሚሉ አሉ። በተለይ ውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ «ገንዘብ ላኩ ትሉናላችሁ፣ ፕሪንግልስ ያምራችኋል» ስትሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነገሩ እንደሱ አይደለም። አገሩ ላይ ያለ ሰው የተበላሸ ብስኩት ቢሸጡለት ተመልሶ ሄዶ ይጮኻል፣ ገንዘቡን ይቀበላል። እኛስ? ስዋሂሊያችን አፋችንን ገና ስንከፍት ያጋልጠናል። ባለሱቁ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ፖሊስ ይጠራ?» ካለ፣ የ60 ሽልንግ ክርክር የስንት ሺህ ጣጣ ይዞ እንደሚመጣ እናውቃለን። ስለዚህ አንጨቃጨቅም፤ ከመጀመሪያውኑ የማይበላሸውን ለመግዛት እንሞክራለን። ስሙ ለእኛ ጠበቃ ነው። አንዲት እናት ከቀን ገቢያቸው ቀንሰው ውዱን ብስኩት የሚያነሱት፣ የተሳሳቱ ዕለት ሌላ መግዣ ስለሌላቸው ነው። ሀብታም ርካሹን ሞክሮ ካልጣመው ይጥለዋል። ድሃ የሙከራ ገንዘብ የለውም።

ይሄን በደንብ አውቃለሁ። ቅሬታዬ ጠበቃው ክፍያውን ተቀብሎ ችሎት የማይቀርብ መሆኑ ነው።

ማስረጃ ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 የኬንያ ደረጃዎች ቢሮ፣ ሁላችን ኬብስ የምንለው፣ አምስት የበቆሎ ዱቄት ብራንዶችን አገደ። ከሚፈቀደው መጠን በላይ አፍላቶክሲን ተገኝቶባቸው ነው። ከአምስቱ አንዱ ዶላ ነበር፤ ኡጋሊ የሚበላ ቤት ሁሉ የሚያውቀው ስም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይም የታወቁ የኦቾሎኒ ቅቤ ምርቶች በዚሁ ምክንያት ታግደው ነበር። አፍላቶክሲን ማለት እርጥበት ባገኘው በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። በዓይን አይታይም፤ መቁላትም ጨርሶ አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ፣ በማኩዌኒና በኪቱዪ አካባቢ፣ 317 ሰው ታሞ 125 ሰው ሞቷል። ያ በአብዛኛው ገበሬው ራሱ ያመረተው፣ ስም የሌለው በቆሎ ነበር። እንግዲህ ስም የሌለውም ገድሏል፣ ስም ያለውም ታግዷል። «ስም ያለው ብቻ» የሚለው መመሪያ ልጆቻችንን ከየትኛው ነው የሚያድናቸው?

ርካሹን ላሞግስ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። ከአንድ የቅናሽ ሱቅ (ስሙን አልጠራም) ሦስት ፓኬት ብስኩት ገዝቼ፣ በቀኑ ላይ ሌላ ቀን የያዘ ተለጣፊ ተለጥፎበት አግኝቻለሁ። በጥፍሬ ስልጠው ከሥሩ ያለው ቀን ካለፈ አምስት ወር ሆኖታል። በደረቅ ብስኩት ላይ «ቤስት ቢፎር» የሚለው ቀን ስለ ጣዕም ነው እንጂ ስለ መርዝ አይደለም፤ አንድ ሳምንት ቢያልፈው ማንም አይሞትም። ቀኑን የሚሸፍን ሰው ግን ሌላ ምን እንደሚሸፍን አላውቅም፤ እሱ ሱቅ ዳግም አልረገጥኩም። እንደነዚህ ያሉ ሱቆች የኛ ሰው በብዛት በሚኖርበት ሰፈር ለምን እንደሚበዙ ታውቃላችሁ፤ ማንም ተመልሶ እንደማይጮህባቸው ያውቃሉ።

ስለዚህ ጥያቄው ስም ያለው ወይስ ርካሽ አይደለም። ጥያቄው ማን አረጋገጠው ነው።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ነገሩን ክፍል ውስጥ አስገባሁት። ትልልቆቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቼ ስለ ንጽጽር ሲማሩ ሦስት ዓይነት መክሰስ ገዛሁ፤ የግሉኮስ ብስኩት፣ ክሬም ያለው ብስኩት፣ እና የድንች ክሪስፕስ (አገር ቤት ቺፕስ የምንለው፤ እዚህ ቺፕስ ካላችሁ ጥብስ ነው የሚመጣላችሁ)። ከእያንዳንዱ አንድ ስም ያለው፣ አንድ የቅናሽ ሱቅ። ማሸጊያውን አውጥቼ በቁጥር ብቻ አቀረብኩ። ጥናት ነው አልልም፤ 14 ልጅና ስድስት ሳህን ነው። በግሉኮሱ ላይ ልጆቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ «ይሄ የታወቀው ነው» ብለው የማሉበት የርካሹ ሱቅ ሆነ። በክሬሙ ላይ ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ የርካሹ ክሬም ሻማ ሻማ ይላል፣ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። በክሪስፕሱም ስም ያለው አሸነፈ። አሸነፈ፤ የምደብቀው የለኝም።

ለምን አሸነፈ ግን? ልጆቹ ራሳቸው ደረሱበት። የታወቀው ክሪስፕስ በሚያብረቀርቅ፣ ብርሃን በማያሳልፍ ከረጢት ነው የሚመጣው፤ ውስጡ የተነፋውም ተራ አየር ሳይሆን ናይትሮጅን ነው። ዘይት ብርሃንና ኦክስጅን ሲያገኘው ይሻግታል፤ ያ የቆየ ቀለም የሚመስል ሽታ ከዚያ ነው የሚመጣው። መንገድ ዳር የሚሸጠው ክሪስፕስ በሚያሳይ ላስቲክ ተቋጥሮ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይውላል። ትናንት የተጠበሰውን ዛሬ ጠዋት ከገዛችሁት ምንም አይለውም፤ እንዲያውም ከታወቀው ይጥማል። ሳምንት ከቆየ ግን ራቁ። አያችሁ፣ ልዩነቱ ከረጢቱና ቀኑ ነው እንጂ ስሙ አይደለም። ይሄን ያወቀ ልጅ ስም አያስፈልገውም።

ከዚያ ማሸጊያዎቹን አወጣሁና ጀርባውን አነበብን። የተሠራባቸው ነገሮች በክብደት ቅደም ተከተል ነው የሚጻፉት፤ መጀመሪያ የተጠቀሰው ከሁሉ የሚበዛው ነው። ሁለቱም የግሉኮስ ብስኩቶች የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የአትክልት ዘይት ይላሉ፤ በዚያው ቅደም ተከተል። ከፊት ለፊት በኩል ግን አንዱ ላይ የሚስቅ ሕፃንና የወተት ብርጭቆ አለ። ወተቱን ከጀርባ ፈልጉት ብያቸው ከመጨረሻው ሁለተኛ ላይ አገኙት። እንግዲህ ለዚያ ስዕል ነው ትርፉን የምንከፍለው።

የሱፐርማርኬት የራሱ ስም ያለበት ዕቃም እንደዚሁ ነው። ካርፉር በራሱ ስም የሚሸጠው አለ፤ ድሮ ናኩማት «ብሉ ሌብል» የሚለው ነበረው፣ ናኩማት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ እስኪፈርስ ድረስ። ሱፐርማርኬት ብስኩት አይጋግርም፤ ፋብሪካ ያስጋግራል። ያው የታወቀውን የሚሠራው ፋብሪካ ለሱቁም ማሸጉ በዓለም ዙሪያ የተለመደ አሠራር ነው። ማን እንደሠራው ከጀርባ ተጽፏል፤ አንብቡት ነው የምለው።

ስለ ስም ካነሳን አይቀር፣ ኦሪዮን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ከሱ በፊት፣ በ1908፣ ሃይድሮክስ የሚባል ያንኑ የመሰለ፣ ጥቁር ሆኖ መሐሉ ነጭ ክሬም ያለው ብስኩት ነበር። ሰዉ ግን ለብዙ ዘመን ሃይድሮክስን «የኦሪዮ ኮፒ» ሲለው ኖረ። ቀድሞ የመጣው አስመሳይ ተባለ፣ ማስታወቂያ ስላነሰው።

ሌላም ላንሳ። ፓርሌ-ጂ የሚባለው የህንድ ብስኩት አለ፤ ህንዶች በሚበዙበት በኛ በፓርክላንድስ የማያውቀው ባለሱቅ ያለ አይመስለኝም። ሙምባይ ውስጥ ቪሌ ፓርሌ ከሚባል ሰፈር ነው ስሙን ያገኘው፤ በዓለም በብዛት ከሚሸጡት ብስኩቶች አንዱ ነው። ስሙ የገነነ፣ ዋጋው የድሃ። ኮሚቴው ይሄንን ያስገባል ወይስ ያስወጣል? ስም አለው፤ ርካሽም ነው። መመሪያው ራሱ የሚፈልገውን አያውቅም። በነገራችን ላይ እነሱም ህንድ ውስጥ ለብዙ ዓመት ዋጋውን ላለመጨመር ከፓኬቱ ግራም እየቀነሱ ነው የኖሩት። ጎበዝ፣ ዋጋ ብቻ አትዩ፣ ግራምም እዩ።

ግራም ያልኩት ዋናው ሒሳብ እዚያ ስለሆነ ነው። ናይሮቢ ካዶጎ ትለዋለች፤ ትንሽ ትንሹን እየቆነጠሩ መሸጥ። ለምሳሌ ያህል 25 ግራሙ ፓኬት 50 ሽልንግ፣ 400 ግራሙ ደግሞ 320 ሽልንግ ነው እንበል። በትንሹ ፓኬት አንድ ግራም 2 ሽልንግ ነው፤ በትልቁ 80 ሳንቲም። 16 ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ፓኬት ይዘው ቢመጡ ወላጆቻቸው በድምሩ 800 ሽልንግ ያወጣሉ። ያንኑ 400 ግራም አንድ ሰው ቢገዛላቸው 320 ነው፤ ለአንድ ልጅ 20 ሽልንግ። የምሳሌ ቁጥር ነው፤ ሱቅ ገብታችሁ በእውነተኛው ዋጋ ሞክሩት። ኮሚቴያችን «እያንዳንዱ ልጅ የራሱን የታወቀ ፓኬት ይያዝ» ሲል ከሁሉ የሚወደደውን አገዛዝ ነው ሕግ ያደረገው። ያውም ከሁላችን ያነሰ ባላቸው ላይ።

አሁን ወደ ውጭ አገር ዘመዶቻችን ልመለስ። «እኛ እዚህ የምንበላውን ያንኑ ነው የምትገዙት፣ ስሙ አንድ ነው» ትላላችሁ። ስሙ አንድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት ከ19 አገሮች ወደ 1,400 የሚጠጉ የምግብ ምርቶች ሲመረመሩ፣ 9 በመቶው ከፊት ለፊት ማሸጊያው አንድ ዓይነት ሆኖ ይዘቱ ከአገር አገር የተለያየ ነበር፤ ሌላ 22 በመቶው ደግሞ በተመሳሳይ ማሸጊያ የተለያየ ይዘት ነበረው። ይሄ በአውሮፓ ውስጥ፣ ጠበቃና ፓርላማ ባላቸው አገሮች መካከል ነው። ስለዚህ አንተ ስቶክሆልም የበላኸው እኔ ናይሮቢ የበላሁት መሆኑን ስሙ አይመሰክርልህም። ያም ሆኖ ለልጆቹ በሻንጣ ይዛችሁ የምትመጡትን ቸኮሌት አላቁሙ፤ ጠላት አታድርጉኝ።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ይሄን ሁሉ ከሰማ በኋላ «እንግዲያው ቆሎ ይያዙ፣ ዳቦ ቆሎ ይያዙ፣ የኛው ባህል እያለ!» ይላል። ደስ ይላል። አዲስ አበባ ቆሎ በስኒ እየተሰፈረ ሲሸጥ ማንም «ስሙ ማነው?» አይልም፤ ሻጯን ያውቃታል፣ ይቀምሳል፣ ይገዛል። እዚሁ አጠገባችን ያሉትን ህንዶች እዩ። አያቶቻቸው ብዙዎቹ የመጡት ከ1896 እስከ 1901 የባቡር ሐዲዱ ሲዘረጋና ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ቼቭዳቸው በትሮፒካል ሂት ከረጢት ታሽጎ ሱፐርማርኬት ይሸጣል፤ ያው ቼቭዳ ደግሞ በሰፈራችን ሱቆች በሚዛን እየተመዘነ፣ ያለ ምንም ስም ይሸጣል። በሚዛን የገዛውን ሰው «ርካሽ ገዛ» የሚለው የለም። የራሳቸው ምግብ ስለሆነ የማረጋገጫውን ዘዴ ያውቁታል፤ ያሸቱታል፣ ይቀምሱታል፣ የትኛው ሱቅ ዘይት እንደሚደጋግም ያውቃሉ።

እኛም እንችላለን። ግን ሁለት ነገር ልበል። ዳቦ ቆሎ ራሱን አይጋግርም። «ባህላችን» የሚሉት ወንዶች አብዛኛዎቹ ዱቄት ነክተው አያውቁም፤ ሥራው ቀኑን ልብስ ሲያጥቡ ውለው ማታ ለሚመለሱት እናት ነው የሚጨመረው። የሚጋገር ከሆነ ይከፈልበት። ለዚሁ የሚሆን እጅ ያላቸው እናቶች መሐላችን አሉ፤ ከፋብሪካው ይልቅ እነሱ ቢያገኙ እመርጣለሁ። ሁለተኛ፣ ቆሎው ውስጥ ኦቾሎኒ አትጨምሩ፣ ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ። ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

አሁን ጠበቃችን ስሙ ነው ላልነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 46 ስለ ሸማቾች መብት ይናገራል፤ ተገቢ ጥራት ያለው ዕቃ የማግኘት፣ ጤናቸው የመጠበቅ፣ ለደረሰባቸው ጉዳት የመካስ መብት። ዜጎች አይልም፤ ሸማቾች ነው የሚለው። ሱቅ ገብቶ 20 ሽልንግ የከፈለ ስደተኛ ሸማች ነው። መብቱ ወረቀት ላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ባለሱቁ ፊት አንቀጽ ጥቀሱ አልላችሁም። አንድ ቀላል ነገር ግን አለ። በታሸገ ምግብ ላይ የኬብስ ምልክት አለ፤ ከምልክቱ ጋር ቁጥር። በስልካችሁ ኤስኤም ብላችሁ፣ የመሰላል ምልክቷን አድርጋችሁ፣ ቁጥሩን አስከትላችሁ ወደ 20023 ላኩት። ፈቃዱ የማን እንደሆነና የሚሠራ መሆኑን ይመልስላችኋል። ማንዴት አምጣ አይልም፣ ከየት ነህ አይልም። ተማሪዎቼ ስድስቱንም ፓኬት ሞከሩት። አምስቱ መልስ መጣላቸው። በስድስተኛው ላይ ቁጥሩ ራሱ የለም፤ ምልክቱ ብቻ ታትሟል። የትኛው እንደነበር ልንገራችሁ፤ ያ ሻማ ሻማ የሚለው ክሬም ነው።

ለኮሚቴው የማቀርበው እንግዲህ ይሄ ነው። መልእክቱ ይነሳ። በልጅ 20 ሽልንግ ይዋጣ፤ የሌለው አይክፈል፤ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ የሚል ዝርዝር ግሩፑ ላይ እንዳይለጠፍ፣ አንድ ሰው ብቻ ይያዘው። በየወሩ ሁለት ወላጅና ሁለት ተማሪ ሄደው በጅምላ ይግዙ፤ ልጆቹ ግራሙን ያስሉ፣ ቀኑን ያንብቡ፣ ቁጥሩን ይላኩ። ለልጆቹ ከኔ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ የተሻለ ትምህርት ነው። ሁሉም ከአንድ ሳህን ይብላ፤ በእረፍት ሰዓት ማንም የማንንም ፓኬት እንዳያይ።

«ሆዱን ያመመው ልጅ ጉዳይስ?» ለምትሉኝ፣ እሱም ይጠየቅ። እናቱ በውስጥ መስመር ቢጽፉልኝ ምን እንደበላ እናጣራለን። ሳናጣራ ግን ሦስት ልጅ ከትምህርት አናስቀር።

ስብሰባው ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ቤት ነው። ስድስቱን ማሸጊያና አንድ የወጥ ቤት ሚዛን ይዤ እመጣለሁ፤ ያላመነኝ ራሱ ይመዝን። አውራ ጣት ያደረጋችሁት ሃያ ሦስታችሁም ብትመጡ ደስ ይለኛል። እኝህን እናት የምታገኟቸው ካላችሁ ደግሞ፣ ስማቸውን ሳታነሱ፣ መምህር ቅዳሜ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ይምጡ ብሏል በሏቸው።